ግራጫ ቀለም የተቀባው ቧንቧ

የትንሿ የውሃ ኃይል ማመንጫ ኦፕሬተር በፈነዳው ቧንቧ ሥር፣ ጭቃ ላይ ተደፍቶ ተገኘ። የቧንቧው ስንጣሪ ደረቱን መትቶታል። መርማሪዋ ስትደርስ ቧንቧውን የዘረጋው ተቋራጭ የእጁን አንጓ ለሰላምታ አቀረበላት።

«እጄ ቆሽሿል፣ ይቅርታ» አለ። ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። «ጥፋቱ የራሱ የሟች ነው። የውሃ መዝጊያውን ቫልቭ ባንዴ ዘጋው። ውሃ በድንገት ሲታገድ ብረትም ይሰነጥቃል።»

ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው የሚያወራው። የሟች ሚስት ሰማችው።

«ባሌ ቫልቭ የሚዘጋው ቀስ እያለ ነው» አለች። «ሬሳው ሳይነሳ ስሙን ገደላችሁት።»

መርማሪዋ ስባሪ አነሳች። ላዩ ግራጫ፣ ውስጡ ነጭ ፕላስቲክ ነው።

«እዚህ ታች፣ ግፊቱ በሚበረታበት፣ የታዘዘው ምን ነበር?»

«ብረት» አለ ሥራውን የተቆጣጠረው መሐንዲስ። «ፕላስቲክ የፈቀድኩት ለላይኛው ብቻ ነው። ስረከብ ቀለሙን አይቼ...»

«አላንኳኩትም?»

«አላንኳኳሁትም» አለ መሐንዲሱ።

«እርስዎስ፣ አልበየዱትም?» አለችው ብረቱን ለመበየድ የተቀጠረውን በያጅ።

«"በሌላ ሰው አስበይጄዋለሁ" አለኝ ተቋራጩ። እኔም ነገሬ አላልኩትም።»

ሰው በሥራው እንዲህ ቸል ይላል? አለች በልቧ። የሟችን እጅ አየች፤ ወደ ማሽን ቤቱ ገብታም ቫልቩን መረመረች። ከዚያ ሁሉንም ቫልቩ ዘንድ ሰበሰበቻቸው።

«ሟች ቀለሙን በሚስማር ፍቆ ፕላስቲክ መሆኑን ደርሶበታል። የፋቀው ቦታ ዛሬ ተመልሶ ተቀብቷል፤ ገና እርጥብ ነው። እሱ ግን ሌላ ቦታ መፋቅ ጀመረ። ሚስማሩ አሁንም እጁ ውስጥ አለ። ውጭ ቆሞ የሚፍቅ ሰው ውስጥ ያለ ቫልቭ አይዘጋም። እጀታው ላይ ደግሞ ያልደረቀ ግራጫ የጣት አሻራ አለ። የሟች እጅ ጭቃ ብቻ ነው። የበያጁ እጅ ጥላሸት፣ የመሐንዲሱ ደግሞ ንጹሕ ነው፤ ሁለቱም ቤንዚን አይሸቱም።» ወደ ተቋራጩ ዞረች። «ቀለሙን በቤንዚን ከእጅህ ያጠብከው፣ ቫልቩንም የዘጋኸው አንተ ነህ።»

ተቋራጩ ላቡን ጠረገ።

«ይፈንዳና በእሱ ስህተት አሳብቤ በብረት ልተካው ነበር። ሰው መግደል አልፈለግኩም። ቧንቧው ሥር መሆኑን በምን አውቄ?»

የሟች ሚስት ከቫልቩ ፊት ሄዳ ቆመች።

«ምሳ ሳመጣለት እዚህ እቆማለሁ» አለች። ከፊቷ ሰፊ መስኮት አለ፤ በመስኮቱ የተሰበረው ቧንቧና የባሏ ሬሳ ይታያሉ። «እየዘጋህ ፊት ለፊት ታየው ነበር።»

ተቋራጩ ቀና አላለም። መርማሪዋ ወጥታ ምራቋን ተፋች።