ለወንድም ጋሼ የሚሆን ዘንግ

«ጫፉን ያዥልኝ እስቲ። ቀስ! የሰው ዓይን እንዳትወጊ» አለ ንጉሴ።

ሉሊት የዓሣ ማጥመጃውን ዘንግ ጫፍ ያዘች። አባቷ ንጉሴ ከመተላለፊያው ወዲያ ማዶ ቆሞ፣ እጀታውን በሁለት ጣቶቹ ላይ አስተኝቶ፣ ዓይኑን ጨፍኗል። ፖቶማክ ወንዝ ዳር ባለችው አሌክሳንድሪያ ያለው ይህ ሱቅ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ይበዛበታል። ገበያተኛው ሁሉ በዘንጉ ሥር ጎንበስ እያለ ያልፋል። ሌላ ቀን ቢሆን ሉሊት፣ በአሥራ አምስት ዓመቷ እንዲህ መታየቱ አሳፍሯት፣ ኮፍያዋን እስከ አፍንጫዋ ትጎትት ነበር። ዛሬ ግን ማፈሩም አልመጣላትም።

«ይከብዳል» አለ ንጉሴ ዓይኑን ገልጦ። «ለእኔስ ምንም አይል። ወንድም ጋሼ ግን በዚያ እጁ ግማሽ ሰዓትም አይይዘውም።»

ወንድም ጋሼ የሚለው ታላቅ ወንድሙን ልሳነወርቅን ነው። ስካይላይን ሰፈር ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ብቻውን የሚኖር፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከንጉሴ ጋር ፖቶማክ ዳር ተቀምጦ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ነው። ካለፈው ዓመት ሕመሙ ወዲህ ቀኝ እጁ ይዝልበታል። ንጉሴ እንደሚያውቀው፣ ልሳነወርቅ የእህታቸውን ልጅ ሠርግ ሊያይ አዲስ አበባ ሄዷል፤ የሚመጣው ቅዳሜ ይመለሳል።

ሉሊት የምታውቀው ሌላ ነው። አጎቷ ሐሙስ ዕለት ልቡ ቆሞ ሞቷል። ትናንት እዚያው ቀብረውታል።

እናቷ የዓለምዘርፍ የነገረቻት ትናንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ነበር፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤታቸው መታጠቢያ ክፍል አስገብታ፣ ድምፅ እንዳይወጣ ውኃውን ከፍታ። «መርዶው እሑድ ጠዋት ነው። ቄሱም፣ ዘመዱም፣ የዕድሩ ሰውም ከሥራ የሚገላገለው ያኔ ነው። ሰው ሳይሰበሰብ እንዴት ይነገራል? ብቻውን ሰምቶ አንድ ነገር ቢሆንስ?» አለቻት፤ ዓይኗ ደም መስሏል። «ነገ እኔ ሰው እየጠራሁ፣ ቤት እያሰናዳሁ እውላለሁ። አንቺ ከቤት አውጪልኝ። ስልኩንም እንዳያይ፤ ፌስቡክ ላይ ነፍስ ይማር የሚል አይጠፋም።»

«ባት ማሚ፣ ዳት ኢዝ ሶ...»

«በእንግሊዝኛ አትከራከሪኝ፣ ሉሉ። እባክሽ የኔ ልጅ።»

ሉሊት እሺ አለች። እናቷ ስታለቅስ እያየች ሌላ ምን ትበል?

ታዲያ ዛሬ ጠዋት ንጉሴ «ብርዱ ሳይገባ ለእኔና ለወንድም ጋሼ አዳዲስ ዘንግ ልገዛ ነው» ሲል፣ ዓሣ በተባለ ቁጥር የቤት ሥራ የሚበዛባት ሉሊት «እኔም እመጣለሁ» አለች። ምስኪን፣ ደስታውን የት ያድርገው! መንገዱን ሁሉ ሲያፏጭ ነው የመጣው። ስልኩን «ቻርጅ ላድርግልህ» ብላ ተቀብላው አጥፍታ ቦርሳዋ ውስጥ ከታዋለች። አንዴም አልጠየቃትም። ልጁን ለምን ይጠርጥር?

«ይኸውልሽ» አለ አሁን፣ ሌላ ዘንግ እየጎተተ፤ «እኛ የምንፈልገው ክራፒ የሚባለውን ነው። ጠፍጣፋ፣ ቆንጆ ዓሣ ነው፤ ሥጋው ደግሞ አይነገርም! ግን ዓይን አፋር ነው። የጀልባ ማቆሚያ ሥር፣ የወደቀ ዛፍ ውስጥ ይሸጎጣል። ስለዚህ ዘንጉ ረጅም ይሁን፤ አሥር ጫማ፣ አሥራ ሁለት ጫማ። ውርወራ ሳያስፈልግ መንጠቆውን ቀጥ አድርገሽ አናቱ ላይ ታወርጂለታለሽ።»

«አጭሩ አይቀልም?»

«ይቀላል፤ ግን አይደርስም። ረጅሙ ደግሞ ጫፉ ከብዶ ወደ ታች ይጎትትሻል። ረጅም ሆኖ ቀላል፣ ቀላል ሆኖ ርካሽ፤ ከባዱ ይኼ ነው። ውድ ብገዛለት ደግሞ ወንድም ጋሼ አንድ ወር ሙሉ ነው የሚቆጣኝ። “ለዓሣ? አብደሃል?” ነው የሚለው።» የወንድሙን ጎርናና ድምፅ አስመስሎ ሳቀ።

ሉሊትም ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ከንፈሯ እምቢ አላት። የጫማዋን ማሰሪያ የምታስር መስላ ጎንበስ አለች።

እንዲህ ሲስቅ ባየችው ቁጥር የአያቷ ነገር ትዝ ይላታል። በአባቷ በኩል ያሉት አያቷ የሞቱት ሉሊት ትንሽ ልጅ ሳለች ነው። ያኔም ለንጉሴ የተነገረው ከሳምንት በኋላ ነበር። በዚያ ሳምንት የጓደኛው ልጅ ተመርቆ፣ ድግሱ ላይ መሐል ገብቶ እስክስታ ወርዷል። ከዓመታት በኋላ አንድ ቀን መኪና ውስጥ፣ ማንም ሳይጠይቀው አወራት። «ስጨፍር ያጨበጨበልኝ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። እናትሽም ታውቅ ነበር። ክፋት አይደለም፣ ይገባኛል፤ አዝነውልኝ ነው። ግን ከዚያ በኋላ ሰው ሲስቅልኝ ፊቱን አያለሁ። ያኔ ሳታውቂ የሳቅሽልኝ አንቺ ብቻ ነሽ» አላት። እናቷ ይህን አታውቅም። ለሉሊት ብቻ ነው የነገራት።

ዛሬ ግን ሉሊት ራሷ ታውቃለች። ነገ ጠዋት ሳሎኑ በነጠላ ለባሽ ተሞልቶ፣ አባቷ ደረቱን እየደቃ፣ ድንገት ዞር ብሎ ቢያያትስ? «ዘንግ ስመርጥ ታውቂ ነበር?» ቢላትስ?

«ነይ፣ አሁን ደግሞ ዋናውን ፈተና እንፈትነው» አለ ንጉሴ። «ክራፒ እንደ ሌላው አይመነጭቅም። መንጠቆውን ምጥጥ አድርጎ ዝም ነው። ዘንጉ ያቺን ትንሿን ነገር እጅሽ ላይ ካላመጣልሽ፣ በልቶልሽ ይሄዳል። ጫፉን ጉሮሮሽ ላይ አድርጊና ተናገሪ። ወንድም ጋሼ ነው ያስተማረኝ። ድምፅሽ እጄ ላይ ከተሰማኝ፣ ዓሣውም ይሰማኛል።»

«ሰው እያየን ነው፣ አባቢ።»

«ይየን! እንገዛለን እንጂ አንሰርቅ።»

የመጀመሪያውን ጫፍ ጉሮሮዋ ላይ አድርጋ «ሄሎ፣ ሄሎ» አለች። ንጉሴ ራሱን ነቀነቀ። «ይኼ ፋይበርግላስ ነው። እንጨት ማለት ነው፤ ምንም የለም።» ሁለተኛው ትንሽ ሻል አለ። ሦስተኛው ከታችኛው መደርደሪያ የወጣ፣ ከግራፋይት የተሠራ ቀጭን ጥቁር ዘንግ ነበር። ቅናሽ የሚል ቢጫ ወረቀት ተለጥፎበታል። ንጉሴ ሲያነሳው ቅንድቡ ወደ ላይ ሄደ። «ኧረ ይኼ ላባ ነው! በይ ተናገሪ።»

«ምን ልበል?»

«“አጎቴ፣ እንኳን ደህና መጣህ” በይው። ቅዳሜ ኤርፖርት ስትቀበይው የምትይውን።»

ሉሊት አፏን ከፈተች። «አጎቴ» አለች። ከዚያ በኋላ ያለው አልወጣ አለ። ምራቋን ዋጠች።

«ሰማሁት!» አለ ንጉሴ። «ስትውጪ እንኳን እጄ ላይ መጣ! አቤት፣ ይኼማ አበቃ።» ያንኑ ዓይነት ሌላ ዘንግ ከመደርደሪያው መዘዘ። ሁለቱን ትከሻው ላይ አጋድሞ ወደ ሂሳብ መክፈያው አመራ። «ስንመለስ በስካይላይን በኩል እናልፋለን። የቤቱ ቁልፍ እኔ ጋ ነው። ሳሎኑ መሐል አቁመንለት እንወጣለን። ሲገባ በሩ ላይ ይደነግጣል፤ ሆ ሆ!»

ሉሊት ያቺን ሳሎን ታውቃታለች። ግራጫው ሶፋ፣ በረንዳው ላይ የሚያደርቀው በርበሬ፣ የተደራረበው የመድኃኒት ካርቶን። አባቷ እዚያ ገብቶ፣ መብራት አብርቶ፣ ለሞተ ሰው ዘንግ ሲያቆም ታያት። እሷም አጠገቡ ቆማ «ጥሩ ቦታ ነው» ስትለው።

ስልኳ ነዘረ። እናቷ ናት። «እንዴት ናችሁ? አልሰማም አይደል?» ይላል መልእክቱ።

ከፊታቸው አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል። ሉሊት ፈራች። እናቷ ልክ ናት፤ እዚህ ቢወድቅ ማን ያነሳዋል? ሰምቶ መኪና ልንዳ ቢልስ? አባቷ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም። ምን ተብሎ እንደሚነገር እንኳ አታውቅም፤ ይህ የትልልቅ ሰዎች ሥራ ነው። ሰውየው ከፍሎ ሄደ። ንጉሴ ዘንጎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ የኋላ ኪሱን ዳበሰ።

«አባቢ፣ እንዳትከፍል።»

«ምነው? ቅናሽ ነው እኮ።»

«ቆይ። መጀመሪያ የመኪናውን ቁልፍ ስጠኝ።»

«ልትነጂ?» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን መሐል ላይ ቀረ። ፊቷን አየ፤ የዘረጋችውን እጇን አየ። ሻጯ እየጠበቀቻቸው ነበር። «ሉሉ፣ ምንድን ነው? ማን ነው?»

«እንውጣ። ውጪ ወንበር አለ። አብሬህ እቀመጣለሁ።»

 ንጉሴ ቁልፉን አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረላት። ዘንጎቹን ጠረጴዛው ላይ ትቶ፣ እንደ ሽማግሌ እግሩን እየጎተተ ተከተላት። ወደ በሩ ሲሄዱ ሉሊት በአንድ እጇ ክንዱን ይዛ፣ በሌላው ለእናቷ ጻፈች። «ልነግረው ነው። ይቅርታ ማሚ። አሁኑኑ ሰው ይዘሽ ነይ።»

ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው። እሷም ጎኑ ልጥፍ ብላ ተቀመጠች። ሁለቱንም እጆቹን ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

«ሐሙስ ዕለት ነው፣ አባቢ» አለች።