የሌአንድሮ ስኪ

በረዶ ላይ የምትንሸራተትበት የግራ ስኪዋ እንደገና ከጫማዋ ተላቀቀና ማይሌን በአፍንጫዋ በረዶው ላይ ተደፋች። በገመድ በተንጠለጠለው ወንበር ወደ ተራራው የሚወጡት ልጆች ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አያልፋቸውም።

«ማይሌን! ስኪሽ ጥሎሽ ኮበለለ!»

«ደህና ሁኚ ብሎሻል!»

ጓደኛዋ ሂሜና ትንሽ ዝቅ ብሎ የቆመውን ስኪ አንስታ እየሳቀች መጣች።

«ዛሬ ስንተኛሽ ነው?»

«አትቁጠሪብኝ ባክሽ።»

የሰፈሩ ልጆች ዘዴውን «ቅቤ» ይሉታል። የስኪውን ጅራት አንስቶ በፊተኛው ጫፉ ብቻ በረዶው ላይ መሽከርከር ነው፤ ቢላዋ ዳቦ ላይ ቅቤ ሲቀባ እንደሚያደርገው። ሲያዩት ቀላል ነው። ማይሌን ግን ክብደቷን ወደ ፊት በጣለች ቁጥር ተረከዟ ጫማውን ከስኪው ጋር ከሚይዘው ማሰሪያ ይወልቃል።

ነገ ደግሞ የክለቡ የበረዶ በዓል ነው። አንዲስ ተራራ ሥር ባለችው በእነማይሌን ከተማ፣ ልጆች ስኪ የሚያገኙት ከታላላቆቻቸው ነው፤ አዲሱማ ለቱሪስት ነው። ስኪ የተሰጠው ልጅ «አመሰግናለሁ» አይልም፤ ቢል ይስቁበታል። በበዓሉ ቀን ሰጪው ከታች ቆሞ እያየው፣ በዚያው ስኪ አንድ ዘዴ ሠርቶ ይወርዳል። ምስጋናው እሱ ነው።

ለማይሌን ስኪውን የሰጣት የአጎቷ ልጅ ሌአንድሮ ነው። አምና ጉልበቱ ተጎድቶ ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል፤ አሁንም በምርኩዝ ነው የሚሄደው። ራሱ መንሸራተት ሳይችል፣ ስኪውን ወርክሾፕ ድረስ ወስዶ ማሰሪያውን በእሷ ክብደት ልክ አስተካክሎላታል። «ቅቤ» የሚወደው ዘዴ ነበር። ነገ ያንን ዘዴ ለእሱ ሠርታ ካልወረደች ምኑን አመሰገነችው?

ሂሜና ከኪሷ ካቻቪቴ አወጣች። «የማሰሪያውን ብሎን ጥርቅም አድርገን እናጥብቀው። ከዚያ ወዴት ይሄዳል?»

«እንዴ፣ ይቻላል?»

«ሁሉም ያደርገዋል። አንቺ ደግሞ ፍርሃትሽ!»

እስከ መጨረሻው አጠበቁት። እውነትም ስኪው አልወለቀም። ማይሌን ሙሉ ዙር ዞረች፤ ሂሜና በደስታ ጮኸች። ማይሌን ልቧ ሞቀና ደገመችው። በዚህኛው ግን የስኪው ጫፍ በረዶው ውስጥ ተሰክቶ ቀረ። ገላዋ ዞረ፤ እግሯ ግን አልተከተላትም። ጉልበቷ ተወጠረ፣ ተወጠረ፣ ስኪው አልለቅ አለ። ደግነቱ በረዶው ተደረመሰና እግሯ ተረፈ።

«ምን ሆንሽ?» አለች ሂሜና።

«ምንም» አለች ማይሌን። ስኪዋን ግን አውልቃ ትከሻዋ ላይ አደረገች።

በቀጥታ ሌአንድሮ ቤት ሄደች። ወጥ ቤት ቁጭ ብሎ ማቴ የሚሉትን የቅጠል ሻይ ይመጥጣል፤ እናቱ የጠበሰችው ትኩስ ቂጣ አጠገቡ ተከምሯል።

«ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?»

ማይሌን አንድም ሳትደብቅ ነገረችው። እንደሚቆጣት ጠብቃ ነበር፤ እሱ ግን ጉልበቱን አሻሸ።

«እኔም አምና ብሎኑን ያጠበቅኩት እንዳይወልቅብኝ ነበር» አለ።

«ጉልበቴ የተጎዳው ወድቄ ነው አላልከንም?»

«መውደቅማ ማን የማይወድቅ አለ? የእኔ ስኪ አልለቅ ብሎ ነው እንጂ። ይስቁብኛል ብዬ አጠበቅኩት፤ ከዚያ ደግሞ እሱን መናገር አፈርኩ።» ማቴውን ሞልቶ አቀበላት። «በይ እሱን ጠጪና ተነሺ። እንዴት እንደምትሠሪው አሳዪኝ።»

ማይሌን በካልሲዋ ቆማ ወደ ፊት ዘለል አለች።

«አየሽ? ትዘልያለሽ። ተረከዝሽን ስትመነጭቂው ማሰሪያው የወደቅሽ ይመስለውና ይለቅሻል። አትዝለዪ። ቁርጭምጭሚትሽን እጠፊ፣ ቅልጥምሽ ጫማውን ቀስ ብሎ ይጫነው። ትከሻሽ ቀድሞ ይዙር፤ ስኪው ይከተልሻል።»

«ነገ ከወለቀስ?»

«ይውለቅ!»

«ሰው ሁሉ እያየ?»

«ይየዋ! ብሎኑን ግን ጠዋት ወርክሾፕ ወስደሽ እንደነበረው አስመልሺው።»

ቂጣ በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጣት። አንድም ክፉ ቃል አልወጣውም። ማይሌን መንገዱን ሙሉ እንባዋ እየመጣባት፣ እንዲህ ያለ ዘመድ ስላላት ፈጣሪዋን አመሰገነች።

በማግሥቱ ማይሌን ጠዋት ብሎኑን ወርክሾፕ ወስዳ አስመለሰች። ከዳገቱ አናት ላይ ተራዋ ሲደርስ ሂሜና ካቻቪቴዋን ይዛ ጠጋ አለች።

«ለማጥበቅ አሁንም ጊዜ አለን።»

«ተይው፣ ይቅርብኝ» አለች ማይሌንና መውረድ ጀመረች።

ቅልጥሟ ጫማውን ተጫነ፤ ትከሻዋ ዞረ፤ የስኪው ጅራት ከበረዶው ተነሣ። ግማሽ ዙር ለስለስ ብሎ ሄደላት። ከዚያ ቸኮለች። ተረከዟን መነጨቀችውና ስኪው ወለቀ፤ ማይሌንም ተንከባለለች። ከታች ሳቅ ተሰማ።

በጀርባዋ ተኝታ ጉልበቷን አጠፈችው፣ ዘረጋችው። ደህና ነው። ትናንት ያዋረዳት ስኪ ዛሬ እግሯን ስለለቀቀላት ልትስመው ምንም አልቀራት።

ስኪው የወለቀበት ልጅ ዳር ይዞ በእግሩ ነው የሚወርደው። ማይሌን ወደ ዳሩ አየት አደረገች፤ ከዚያ የወለቀውን ስኪ ብብቷ ሥር አድርጋ፣ በቀረው ስኪ በአንድ እግሯ እየተወላገደች ቁልቁል ወረደችና ሌአንድሮ ፊት ቆመች። ሌአንድሮ ምርኩዙ ላይ ተደግፎ እስኪያነባ ይስቃል።

«ግማሽ ዙር!» አላት። «ግማሽ ምስጋና መሆኑ ነው?»

«ሌላውን ግማሽ ሲመጣልኝ ታየዋለህ» አለችው። «ብሎኑን ግን አልነካም።»

ስኪውን ከብብቷ አውጥታ በረዶው ላይ አጋደመችው፤ የሌአንድሮን ትከሻ ያዝ አድርጋም ጫማዋን ማሰሪያው ውስጥ ረገጠች።