ልጁ ያልደረሰበት ገጽ

ሟቹ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ጭኑ ላይ እንደ ድንጋይ የከበደ ጥራዝ ተዘርግቷል። ላየው ሰው ሲያነብ እንቅልፍ የጣለው ይመስላል። ሐኪሙ ግን የራስ ቅሉ ከኋላ መሰንጠቁን ተናግሯል፤ የወንበሩ መደገፊያ ደግሞ ስፖንጅ ነው። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ የመደርደሪያውን ጠርዝ አየች። የደረቀ ደም ላይ አንዲት ሽበት ተጣብቃለች።

«እዚህ ወድቆ እዚያ ተቀመጠ» አለች። «የሞተ ሰው ደግሞ ወንበር አይመርጥም።»

ክፍሉ ገና በልጅነቱ በሕመም የሞተው የወንድ ልጁ ነበር። አልጋው እንደተነጠፈ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ተቀምጦበት አያውቅም። ከሥሩ ትንንሽ ጫማዎች ተደርድረዋል። ግድግዳው ላይ የተሳለው ጭንብላም ጀግና የገባ የወጣውን በዓይኑ የሚከተል ይመስላል።

ሳጅኑ በራፉ ላይ ሹክ አላት። «ሴት ልጁ ናት። ‹ይህን ክፍል ዝጋው፣ እኛም በሕይወት አለን› ብላ ትናንት ስትጮህበት ጎረቤት ሰምቷል። እንውሰዳት?»

«አትቸኩል። መጀመሪያ ላናግራቸው።»

እናትየው ሳሎን ውስጥ እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል። አላለቀሱም።

«በከንቱ ትደክማላችሁ ልጄ። ማን እንደመጣ አውቃለሁ። ልጄ ነው።»

«የትኛው ልጅዎ እማማ?»

«ያ ነዋ! አባትና ልጅ የጭንብላሙን ኮሚክ፣ ያን በሥዕል የሚተረከውን ታሪክ፣ አብረው ነበር የሚያነቡት። ቀጫጭኖቹን፣ በየወሩ አንድ አንድ የሚወጡትን እትሞች። ልጄ ታሪኩን ሳይጨርስ ሄደ። አባቱም ‹እሱ ካልደረሰበት ገጽ እኔም አልደርስም› ብሎ ማለ። እነዚያኑ ሲመላልስ ኖረ። አሁን ያ ታሪኩን እስከ መጨረሻው የያዘው መጽሐፍ የት ላይ ነው የተገለጠው?»

«መጨረሻው ምዕራፍ ላይ።»

«አየሽ! መጥቶ ገለጠለት። ከዚያ ይዞት ሄደ።»

መርማሪዋ መስኮቱ አጠገብ ወደቆመችው ሴት ልጅ ዞረች።

«ስለ መሐላው ታውቂ ነበር?»

«በዚህ ቤት መሐላውን የማያውቅ ድመቷ ብቻ ናት» አለች ልጅቷ ዓይኗ እንዳበጠ። «ጮኼበታለሁ፣ አልክድም። አባቴን ከሙት እጅ ልነጥቅ ብዬ ነው።»

«ጥራዙንስ ማን አመጣው?»

«ወዳጁ፣ መጽሐፍ ሻጩ። ለልደቱ ሰጠው። አባዬ ከነፕላስቲኩ አስቀመጠው እንጂ አልነካውም።»

ከሱቁ የተጠራው መጽሐፍ ሻጭ ቦርሳውን ከብብቱ ሳያወርድ ቆሟል።

«ጋሼ ነፍሳቸውን ይማረውና ግትር ነበሩ» አለ። «ስንት ጊዜ መከርኳቸው! ትልቁ ጥራዝ ሙሉ ታሪኩን ይዟል፣ ሥዕሉ ሰፊ ነው። ተኝተው ለማንበብ ከፈለጉ ደግሞ ስስ ሽፋን ያለው አለ። እሳቸው ግን እነዚያን የተቀዳደዱ ነጠላ እትሞች!»

«ለምን ይመስልዎታል?»

«ክብደቱ ነዋ! ‹ጉልበቴን ይሰብረዋል› ይሉኝ ነበር።»

«በመጨረሻ እርስዎ ረቱ ማለት ነው።»

«እንግዲህ… እንደምናየው።»

«ዛሬ መጥተው ነበር?»

«ኧረ ከመጣሁ ሰንብቻለሁ።»

መርማሪዋ ወደ ክፍሉ ተመለሰች። ከወንበሩ ሥር የጥራዙን ፕላስቲክ አገኘች። አልተቀደደም። በአንድ ጠርዙ ብቻ በምላጭ ቀጥ ብሎ ተሰንጥቆ፣ መልሶ እንዲያገለግል ታጥፏል። የነጠላ እትሞቹን ሳጥን ከፈተች። የመጀመሪያዋ እትም የለችም። አስከሬኑ ከተነሳ በኋላ የቤቱን ሰዎችና ሻጩን ወደ ክፍሉ ጠራቻቸው።

«ገዳዩ ሟቹ ሲያነብ የሞተ እንዲመስል ፈልጓል» አለች። «መሐላውን የሚያውቅ ሰው ግን ይህን ጥራዝ አይመርጥም፤ በተለይ መጨረሻውን። እናትና ልጅ ያውቁ ነበር። የማያነበው በክብደቱ ምክንያት ነው ብሎ ያመነ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ይህ ማስረጃ ነው እንዴ?» አለ ሻጩ።

«ይቆዩ። አዲስ ጥራዝ በአንዴ በኃይል ከገለጡት ጀርባው ይሰበራል። ይህ አልተሰበረም። መጽሐፍ ሻጮች እንደሚያደርጉት፣ ጥቂት ቅጠል ከፊት፣ ጥቂት ከኋላ እየገለጡ አለሳልሰውታል። ፕላስቲኩንም እንደ መጽሐፍ ሱቅ ወግ ሰንጥቀው አጥፈዋል። ልብ ቢደነግጥም እጅ ልማዱን አይረሳም። ትልቁን ሲያነብ ሞተ ከተባለ፣ ከቀጫጭኖቹ አንዷ መጉደሏን ማን ልብ ይላል? ሳጅን፣ ቦርሳውን።»

እትሟ በጨርቅ ተጠቅልላ ወጣች። ጥጓን የልጅ ጥርስ በልቶታል።

ሻጩ እጁን ወደ እትሟ ዘረጋ። «ዕድሜ ልኬን የፈለግኳት ብርቅ እትም ናት። ትልቁን የሰጠኋቸው በእሷ እንዲለውጡኝ ነበር፤ እምቢ አሉ፤ ዛሬ ስወስዳት ደረሱብኝ። ገፋ አደረግኳቸው እንጂ…»

ሳጅኑ ይዞት ወጣ። እናትየው ግድግዳው ላይ ያለውን ጭንብላም አዩ።

«ታዲያ ልጄ አልመጣም ማለት ነው?»

መርማሪዋ እትሟን ለልጅቷ አቀበለቻት። ልጅቷም ወደ ሳጥኑ መለሰቻት፤ ወደ እናቷም ቀረበች።

«እኔ አለሁ እማዬ።»

እናትየው ለረጅም ጊዜ ሳያይዋት እንደኖሩ ሁሉ ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ማንም ተቀምጦበት የማያውቀውን አልጋ ጫፍ በእጃቸው ዳበስ አደረጉ።

«ነይ፣ ተቀመጪ» አሏት።