ዓመቱን ብቻ ቀይሪው

«ምንም አትድከሚ፤ ዓመቱን ብቻ ቀይሪው» አላት አቶ በቅርቡ፣ በማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ አጎንብሶ። የሽቶው ሽታ የቀለሙን አስረሳት።

ሚጡ ፋይሉን ከፈተችው። ያው ሰውዬ፣ የዛሬ አምስት ዓመት፣ ወንዙ ዳር ቆሞ ይስቃል። ከሥሩ «ድልድያችን ዘንድሮ ይጠናቀቃል!» የሚል ጽሑፍና የዚያን ጊዜው ዓመት አለ። ድልድዩ እስከ ዛሬ ሁለት የሲሚንቶ ምሰሶ ነው፤ የሚጠቀሙበት ወፎች ብቻ ናቸው። የክፍለ ሀገሩ ምርጫ ሲቃረብ ገዢው ፓርቲ አዲስ ውሸት ለመፍጠር እንኳ አልደከመም።

ዓይኑን በጨው ያጠበ፣ አለች በሆዷ። እውነተኛ ስሙን ሰፈሩ ከረሳው ቆይቷል። ስለ ድልድዩ በተጠየቀ ቁጥር «በቅርቡ» እያለ ስሙ እሱው ሆኖ ቀረ። ሚጡ ፊት ለፊት «እርስዎ» ትለዋለች፤ በልቧ ግን አንቱታውን ካነሳችበት ሰንብታለች።

«ፎቶውንስ አንቀይረውም? ያኔ ቀጭን ነበሩ» አለችው።

ከአንገት በላይ ሳቀ። «ልጅህ ተጫዋች ናት» አለ ወደ ማተሚያ ቤቱ ባለቤት፣ ወደ አባቷ ዞሮ። «ፎቶው ይቆይ። ሁለት መቶ ፖስተር፣ ለነገ ጠዋት።»

እሱ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ አክስቷ ገባች። ልብስ ሰፊ ናት፤ የመለኪያ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ነው ለተቃዋሚው ፓርቲ የምትቀሰቅሰው። ስክሪኑን አይታ ክው አለች።

«ወንድም ጋሼ፣ አሮጌውንም አዲሱንም ስጠኝ። ጎን ለጎን አድርገን በራሪ ወረቀት እንበትናለን።»

«አይሆንም» አለ አባቷ። «የደንበኛ ፋይል ከዚህ ቤት አይወጣም። ያንቺን ፓርቲ ወረቀት ስጠን ቢሉኝም አልሰጥም።»

«ደንበኛ ትላቸዋለህ? አምስት ዓመት ሙሉ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሲያሰኙን የኖሩ ቀልደኞች ናቸው።»

«ፈቃዴን የሚያድሱልኝ እነዚያው ቀልደኞች ናቸው። ነገ ቢያሽጉብኝ ምን እንበላለን?» ብሎ ወረቀት ሊያመጣ ወደ መጋዘኑ ገባ።

አክስቷ ፍላሿን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ገልብጪልኝ፣ የኔ ቆንጆ። አባትሽ አያውቅም» ብላት ወጣች።

ሚጡ ፍላሹን ሰካችው። ክረምት ላይ ድልድይ በሌለበት ወንዙን ከሚሻገሩበት ሳንቃ የተንሸራተተችው የዴስክ ጓደኛዋ ትዝ አለቻት። እግሯ ተሰብሮ ፈተናው አለፋት፤ ዘንድሮ ከሚጡ አንድ ክፍል ወደኋላ ቀርታለች። እናትየው ቢሮው ድረስ ሄዳ ስትጮህ የሰማችው መልስ «በቅርቡ» የሚል ነበር። ሚጡ ሰውየውን ጠላችው፤ ከመጥላትም አልፋ ናቀችው፣ እሱንም ፓርቲውንም።

አባቷን ግን አልናቀችውም። መጋዘን ውስጥ ወረቀት ሲቆጥር ድምፁ ይሰማታል። ሥራውን ያስተማራት እሱ ነው፤ የመጀመሪያው ትምህርቱም የሰው ወረቀት የሰው ነው የሚል ነበር። ፍላሹን ባዶውን ነቀለችው።

ማሽኑ ሥራ ጀመረ። የመጀመሪያው ጥሩ ቅጂ ሲወጣ አባቷ እንደ ወትሮው «ናሙናውን ስቀይው» አላት። የቤቱ ደንብ ነው። ከየሥራው አንድ ቅጂ በር ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይደረባል። ፎቶኮፒ ለማስነሳት የሚሰለፍ ሁሉ እሱን እያየ ነው ተራውን የሚጠብቀው።

ሚጡ የሰርግ ጥሪዎቹን አነሳች፣ የቀን መቁጠሪያዎቹን አነሳች። ከሁሉም ሥር አምስት ዓመት የቆየው ፖስተር ብቅ አለ፤ ጠርዙ ቢጫ ሆኗል። አዲሱን በላዩ አልደረበችውም። አጠገቡ ሰቀለችው።

አባቷ ማሽኑን አቆመ። ሁለቱን አቶ በቅርቡዎች ለረጅም ጊዜ አያቸው። 

«ናሙና ይሰቀላል ብለኸኛል፣ አባዬ» አለች። «ከቤታችን የወጣ ምንም ነገር የለም።»

«ከአዲሱ ጎን የተውሽው ባዶ ቦታስ ለምንድን ነው?»

«ለሚቀጥለው ምርጫ።»

አባቷ ሊያወርዳቸው ይችል ነበር። «የግራው ዘመም ብሏል፤ አቃኚው» አላትና ሄዶ የሱቁን በር ወለል አድርጎ ከፈተው።