እትዬ የምትሰጠኝ ክኒን

ፈጠራ መስሏችሁ እንዳታልፉት... በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እዚሁ ልብስ የምሰፋበት ቤታችን ውስጥ።

የምኖረው ከታላቅ እህቴ ጋር ነው። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እትዬ ነው የምላት።

አምና ሰውነቴ ይከብደኝ ጀመር። ሰው በሙቀት ሲያልበው እኔን ይበርደኛል። ፊቴ አበጠ፣ ድምፄ ጎረነነ።

ከዚያ ጆሮዬ...

ደንበኞቼ ሲያናግሩኝ የአፋቸውን እንቅስቃሴ ብቻ አያለሁ። አንዷ «አጥብቢልኝ» ብትለኝ «አስፊልኝ» መስሎኝ ቀሚሷን ድንኳን አደረግኩት።

ሐኪሙ ደሜን አስመረመረ፣ አንገቴን ዳሰሰ። ጠጋ ብሎ ጮክ አለ።

«የታይሮይድ ዕጢሽ ሰንፏል። ጆሮሽም በዚሁ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ክኒኑን በየጠዋቱ በባዶ ሆድ ዋጪ።»

«አንቺ ዝንጉ ነሽ፣ እኔ እሰጥሻለሁ» አለች አብራኝ የመጣችው እትዬ።

በየጠዋቱ ክኒኑን ከውሃ ጋር ይዛልኝ ትመጣለች። እስክውጥ ትጠብቃለች። ግንባሬን ስማኝ ትሄዳለች።

ወራት አለፉ። ጭራሽ ባሰብኝ።

ሐኪሙ ደሜን እንደገና አይቶ ተቆጣ።

«መድኃኒቱን አትወስጂም ማለት ነው!»

«በእናቴ አጥንት! አንድ ቀን አላጓደልኩም!»

ለቀጠሮው ብዬ ከእትዬ ኮመዲኖ ያነሳሁትን ብልቃጥ አወጣሁለት። አንዷን ክኒን መዳፉ ላይ አድርጎ አገላበጣት። 

«ይሄ ተራ ቫይታሚን ነው። ማን ነው የሚሰጥሽ?»

ብልቃጡን ተቀብዬው ወጣሁ። 

እቤት ትንፍሽ አላልኩም። ብልቃጡን ቦታው መለስኩ። ትክክለኛውን ራሴ ገዝቼ ተደብቄ መዋጥ ጀመርኩ። የእሷን ምላሴ ስር ይዤ ስትወጣ እተፋዋለሁ።

ግንባሬን ስትስመኝ ግን ራሴን እጠይቃለሁ... ምን አደረግኳት?

ቀስ በቀስ ድምፆች ተመለሱ። የቧንቧው ጠብታ። የመቀሱ ቅጭ ቅጭ።

ያን ቀን በስምንት ሰዓት የስፌት መኪናዬን አቆምኩ። ከእትዬ መኝታ ክፍል ዝቅ ያለ ወሬ ይሰማል።

«ትንሽ ታገሺ...» ትላለች እትዬ። «ጆሮዋ ጨርሶ ይዘጋ።»

«ቦታዋን መቼ ነው የምትሰጪኝ?» አለ ሌላ ድምፅ።

ክው አልኩ።

ድምፁ የኔ ነበር... በሽታው ሳያጎረንነው በፊት የነበረኝ፣ ጥርት ያለው ድምፄ።

በሩን ገፋሁት።

እትዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ብቻዋን።

«እትዬ... ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

ቀና አለች። አልደነገጠችም። አላፈረችም። በእቅፏ ያሳደገችኝ እህቴ እንደ ባዳ አየችኝ።

«አንቺን ማን ጠራሽ?»

ከጎኗ ያለው ፍራሽ ሰው እንደተቀመጠበት ጎድጉዷል።

እያየሁት... የተቀመጠበት ሰው እንደተነሳ ሁሉ፣ ፍራሹ ቀስ ብሎ ቀና አለ።