ከካቴናው ጋር የመጣችው ብረት

ማክሰኞ ጠዋት፣ ከፌርፋክስ ጎዳና ጀርባ ባለችው ጠባብ ጋራዥ ውስጥ፣ ጋሼ ጌታሁን የታሸገውን ካርቶን ከፍተው ጠረጴዛው ላይ ገለበጡት።

መጀመሪያ ካቴናው ወጣ፤ የሞተሩ ሰንሰለት። አዲስ ነው፤ የፋብሪካ ዘይቱ ገና አልለቀቀውም። ቀጥሎ ካቴናው ተደግፎ የሚሮጥባቸው ጋይዶች ወጡ። እነሱም አዲስ ናቸው። በመጨረሻ የክብሪት ቀፎ የምታክል ብረት ዱብ አለች።

ጋሼ ጌታሁን አነሷት። አገላበጧት። ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቷት።

«ይቺ የሞተች ናት» አሉ።

የመኪናዋ ባለቤት ሰርካዲስ አልገባትም። «ምኗ?»

«ቴንሽነሯ ናት። ካቴናውን ወጥራ የምትይዘው። ከሌላ ሞተር የወጣች አሮጌ ናት። በዕቃ ሳሙና አጥበዋታል። አዲሷ ስትመጣ ትንሽ ፒን ይዟት ነው የምትመጣው፤ ይቺን ደግሞ በመርፌ ቁልፍ ሰክተዋታል።»

«ከታሸገ ካርቶን ውስጥ?»

«ማሸጊያው ሁለት ጊዜ የተለጠፈ ነው። እይው።»

አየችው። እውነት ነው፤ አንዱ ፕላስተር በሌላው ላይ ተደርቧል። ከኋላቸው ግራጫዋ መኪናዋ ሞተሯ ከትናንት ጀምሮ ተፈቶ፣ ብሎኖቿ በየጣሳው ተለይተው ቆማለች።

«በዚችው ቢዘጉትስ?»

«በዚች ብዘጋው ካቴናው ይላላል። ከላላ ይዘላል። ሳምንት ሳይሞላሽ ፍሪዌይ ላይ ሞተሩ ይበላላል። አልገጥምም።»

«ሌላ ብናዝዝ?»

«ለብቻዋ በትዕዛዝ ነው። አርብ ብትደርስ ነው።»

አርብ። ሰርካዲስ ዌስትቼስተር ሆቴል ሥራ ከገባች ገና ሁለት ወሯ ነው። ነገ፣ ረቡዕ፣ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ የሥራ መግቢያ ካርዷን መምታት አለባት። በዚያ ሰዓት የሚያደርስ አውቶቡስ የለም። ከዚህ ቀደም መኪናዋ ስታስቸግራት ሁለት ቀን ታክሲ በስልክ አዝዛ ሁለቱም ቀን ሾፌሩ ካንስል አድርጎባት አርፍዳለች። ሱፐርቫይዘሯ ሦስተኛውን አልታገስም ብላታለች። ያንን ሥራ ለማግኘት ደግሞ ዘጠኝ ወር ፈጅቶባታል።

ካቴናውን ስትመርጥ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጥታ ነበር። የዋናው አስመጪ ዋጋ የመኪናዋን ግማሽ ያህል ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚሸጠው ደግሞ ከአንድ ምሳ ብዙም አይበልጥም፤ የሠሪው ስም እንኳ የለበትም። ሰው ትዳር ሲመርጥ እንዲህ አይመራመርም። በመጨረሻ የመካከለኛውን መረጠች፤ ዋጋው ልክ ነው፣ ሠሪው የታወቀ ነው፣ ጋይዱና ቴንሽነሩም አብረው ናቸው። አሁን ያ ሁሉ ምርመራ በአንዲት አሮጌ ብረት ገደል ገባ።

ግን ሰርካዲስ ዝም ብላ የምታለቅስ ሴት አልነበረችም። አዲስ አበባ ሳለች የአንድ አውቶቡስ ድርጅት የመለዋወጫ መጋዘን አስራ አንድ ዓመት ይዛለች። ገቢው በሞዴል አስራ ዘጠኝ፣ ወጪው በሞዴል ሃያ ሁለት። ከዚያ መጋዘን አንድ ብሎን ጎድሎባት አያውቅም። ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ የምትለው አንድ ነገር ነበራት፤ «ዕቃ እግር የለውም፤ እጅ ነው የሚያስኬደው።»

እጆቹን ቆጠረች። ካርቶኑን ክሬንሾው ካለው የመለዋወጫ ሱቅ ያስረከበችው ሻጯ ኤማ ናት። ትናንት የተረከበው ለይኩን ነው፤ ኮሪያታውን ሰፈር ከእሷ ጋር አንድ ሕንፃ ውስጥ የሚኖር ጎረቤቷ፣ ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ ኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ ሾፌር። ዛሬ ጠዋት እሷንም ካርቶኑንም ጋራዡ ድረስ አምጥቷል፤ አሁንም በሩ ላይ ቆሟል። ሦስተኛው እጅ የጋሼ ጌታሁን ነው።

ለይኩንን ወዲያው ከዝርዝሩ አወጣችው። እዚህ አገር ስትገባ ሻንጣዋን የተሸከመላት ሰው ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ግን ወንድምን እንዴት ይጠረጥሩታል?

«ጋሼ» አለች። «ቅድም ውሃ ልገዛ ስወጣ ካርቶኑ እርስዎ ጋ ነበር።»

«ነበር።»

«ብቻዎን ነበሩ።»

ጋሼ ጌታሁን ቁልፋቸውን ቀስ አድርገው አስቀመጡ። ፊታቸው ገረጣ።

«እኔን ነው?»

«እየጠየቅኩ ነው።»

«ሠላሳ ዓመት የሰው ሞተር ፈትቻለሁ። ኪሴ የሰው ብሎን ቢገኝ መኪናውን አሳድጄ የምመልስ ሰው ነኝ። ሰርካዲስ፣ እኔን ነው?»

ሰርካዲስ ዓይኗን ወደ በሩ አዞረች። ለይኩን ስልኩን ያያል።

«ራይድ መጣልኝ» ብሎ ወጣ።

እሷም በአውቶቡስ ወደ ክሬንሾው ሄደች።

ኤማ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እዚሁ የተወለደች፣ ቀልጣፋ ልጅ። ሰርካዲስ የልቧን ጥርጣሬ ቀድማ አወጣች።

«ሰው ገዝቶ አዲሷን ወስዶ፣ አሮጌ ከትቶ የመለሰው ካርቶን ይሆን እንዴ የሰጣችሁኝ?»

«ኖ፣ እትዬ ሰርካዲስ! ኪት ከተሸጠ ሪተርን አንቀበልም። ደግሞ እኔ ራሴ ነኝ ከፍቼ ያሳየሁት።»

«ለማን?»

«ለሰውዬው። አንቺ የላክሽው።»

ኤማ የማስረከቢያውን ቅጂ አወጣች። አራት ዕቃ፣ አራት ምልክት። ካቴና፣ ሁለት ጋይድ፣ ቴንሽነር። ከታች የለይኩን ፊርማ።

«ሲያያት ምን አለ?»

«ሶ፣ ቴንሽነሯን አነሳትና ለብቻዋ ስንት ናት አለኝ። ለብቻዋ አታስከፍልም፣ አብራ ነው የምትመጣው አልኩት። ኦ፣ ምራቂ ናት ብሎ ሳቀ። ፒኗን ሁላ ሲነካካ ነበር። ኦኬ አይደለም እንዴ?»

«ኦኬ ነው፣ የኔ ልጅ» አለች ሰርካዲስ። ድምጿ ግን ኦኬ አልነበረም።

በመመለሻው አውቶቡስ ላይ ራሷን ተከራከረች። መርፌ ቁልፉን የሰካ ሰው አዲሷ በፒን እንደምትያዝ ያየ መሆን አለበት። ግን ጋሼ ጌታሁንም ይህን ያውቃሉ። ልቧ እንደገና ወደ ሽማግሌው ዞረ፤ ለይኩን ከሚሆን ማንም ቢሆን ይሻላታል። ሰው የሚወደውን ላለማጣት ላም ባልዋለበት ኩበት ይለቅማል።

ጋሼ ጌታሁን ጋራዡ ውስጥ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል።

«መነጽርዎን ያድርጉና አንድ ጊዜ ይመልከቷት» አለቻቸው።

«አየኋት እኮ።»

«በመነጽር አላዩዋትም።»

እያጉረመረሙ አደረጉ። ብረቷን ወደ መብራቱ አስጠጉ። ጣታቸው ድንገት ቆመ።

«ይሄ የእኔ ምልክት ነው።»

ከጎኗ፣ ሳሙናው ያልደረሰበት ጥግ፣ በብረት ጫፍ የተመቱ ሁለት ነጥቦች አሉ።

«አልቀየርክልኝም የሚለኝ ሰው ስለበዛ፣ ከሞተር ያወጣሁትን ሁሉ በወሩ ቁጥር ነጥብ እመታበትና ለባለቤቱ በእጁ እሰጠዋለሁ። ሁለት ነጥብ ፌብሩወሪ ነው። ፌብሩወሪ ላይ ይህን ዓይነት ሞተር የፈታሁት ለአንድ ሰው ብቻ ነው።»

ዓይናቸውን ለይኩን ጠዋት ወደቆመበት በር አነሱ። ሰርካዲስ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የሷ ግን ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀበትም።

«ጋሼ፣ እርስዎን እኮ ነው...»

«ይቅርታው ይደርሳል። መጀመሪያ ብረቷን ፈልጊ።»

ደወለች።

«ለይኩን፣ ካርቶኑን ቤት ከፍተኸው ነበር?»

«እኔ? ዓይኔን ግንባር ያርገው!»

ከጀርባው የሴት ድምፅ ጮኸ። «ሃያ ሦስት ኪሎ ሞልቷል! ከዚህ በላይ ካልሲ እንኳ አልይዝም!»

ሰርካዲስ ስልኩን ዘጋች። ያንን ድምፅ ኮሪያታውን የማያውቀው የለም። ሐሌታ ናት፤ ዛሬ ማታ አዲስ አበባ ትበራለች። የሐሌታ ሻንጣ ደግሞ የሰፈሩ ሁሉ ፖስታ ቤት ነው።

«ጋሼ፣ ፒክአፕዎ ይነሳል?»

«የባለሙያ መኪና ነው ምን ይሆናል» አሉ፤ ሦስት ጊዜ ሞክረው አስነሱት።

ሐሌታ ሳሎኗ መሀል ሁለት ሻንጣ ከፍታ ሚዛን ይዛ ቆማለች። ለይኩን ሶፋው ጫፍ ላይ ነበር። ሰርካዲስና ጋሼ ጌታሁን አብረው ሲገቡ ሲያይ ተነሳ፤ መልሶ ተቀመጠ።

«ሐሌታ፣ ለይኩን የሰጠሽ ምንድን ነው?»

«ጫማ። ለወንድሙ ለቶማስ።»

«ውስጡን አይተሽዋል?»

«እኔ ፈትቼ ያላየሁት ነገር ሻንጣዬ አይገባም! ተራው ገና ነው።»

ጫማውን አነሳች። ከግራው ጫማ የተጠቀለለ ካልሲ አወጣች። ከካልሲው ውስጥ አንዲት የምታብረቀርቅ ብረት መዳፏ ላይ ወደቀች። ፒኗ እንደተሰካ ነው።

ሰርካዲስ ብረቷን አንስታ ወደ ለይኩን ዞረች።

«ምራቂ መስሎኝ ነው» አለ ለይኩን። «ካቴና ነው የገዛሽው፤ ካቴናሽን አመጣሁልሽ። ይቺ አታስከፍልም አለችኝ ልጅቷ።»

«ምራቂ ከመሰለህ ለምን አሮጌዋን ተካህባት?»

ለይኩን ካልሲውን አንስቶ መጠቅለል ጀመረ።

«በሳሙና ለምን አጠብካት? መርፌ ቁልፉስ?»

«ልጠይቅሽ አፈርኩ» አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «እንደ እኛዎቹ ዓይነት ሞተር ያላት የቶማስ መኪና ይቺ ብረት ተበላሽታባት ከቆመች ሁለት ወሯ ነው። እንጀራው እሷ ናት። እዚያ ዞሮ ዞሮ አጣት። ከኔ መኪና የወጣችውን አሮጌዋን ልልክለት አስቤ፣ መካኒኩ አሮጌ አልገጥምም አለው። ትናንት አዲሷን በእጄ ስይዛት... ጋሼ ጌታሁን አንዷን ካንዷ አይለዩም፣ የወጣችውም ቢሆን ትሠራለች ብዬ ነው። ጠዋት አልገጥምም ሲሉ ነው ያደረግኩት የገባኝ። ልናገር ብል አፌ አልከፈት አለኝ።»

«ካፈርኩ አይመልሰኝ ብለህ ነዋ።»

«አዎ።»

«ብትጠይቀኝ አንድ ላይ እናዝዝ ነበር፤ እስከ አርብ ቢታገስ ወንድምህ አይሞትም። ብረቷስ ትሁን። እኔ ሽማግሌውን ሌባ ሳደርግ አንተ ስልክህን ታይ ነበር። ይሄ ነው ያቃጠለኝ።»

ለይኩን ተነሳ። ጋሼ ጌታሁን ፊት ደርሶ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ። እሳቸው ትከሻውን ይዘው አቀኑት።

«ተው፣ ተው፣ ጉልበቴን አትንካ። እሱ ራሱ ቴንሽነር ይፈልጋል።»

መጀመሪያ የሳቀችው ሐሌታ ናት። ከዚያ ሰርካዲስ። ለይኩን ሳቀም አለቀሰም፤ ሁለቱንም ባንድ ፊት።

ጀንበር ሳትጠልቅ ሞተሩ ተዘጋ። ለይኩን ከሰዓት በኋላ ሥራውን ትቶ መብራት ሲይዝና ብሎን ሲያቀብል ዋለ። ጋሼ ጌታሁን እያንዳንዷን ብሎን ቆጥረው ነው የተቀበሉት፤ ሆን ብለው፣ ጮክ ብለው።

«አስነሺው» አሉ።

ሰርካዲስ ቁልፉን አዞረች። መኪናዋ ሦስት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ጎረቤት የሚቀሰቅስ፣ ጣሳ ውስጥ ጠጠር እንደማናወጥ ያለ ድምፅ ነበራት፤ እሱን ጠበቀች። አልመጣም። ግራጫዋ ለስላሳ ትንፋሽ ብቻ ታሰማለች። ሰርካዲስ ግንባሯን መሪው ላይ አሳረፈች። ደስ አላት፤ ሌላ ቃል አይፈልግም፣ ደስ አላት።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ምልክት የምመታው ለምን ይመስልሻል? እንዲህ ላለው ቀን እኮ ነው።» መሐረባቸውን አወጡና መነጽራቸውን ወለወሉ። «ግን ሁለተኛ እንዲህ አታስደንግጪኝ። ልቤ አሮጌ ሞተር ነው።»

በማግስቱ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ሊሆን አራት ደቂቃ ሲቀረው ካርዷን መታች። ሱፐርቫይዘሯ ሰዓቷን አየች፤ ሰርካዲስን አየች፤ ምንም አላለችም። እንደዚያ የጣፈጣት ዝምታ ኖሮ አያውቅም።

አርብ ከሥራ ስትወጣ ከለይኩን ጋር ኤማ ሱቅ ሄዱ። ለቶማስ በስሙ የታዘዘችው ቴንሽነር ደርሳለች፤ ቅዳሜ የሚበር ሌላ ሰውም ተገኝቷል። ለይኩን ከፈለ። ኤማ ብረቷን ከእሽጓ አውጥታ አሳየችው። ቀጥላ ከመሳቢያዋ ሞተር ዘይት እንዳያፈስ የሚደረግ አንድ ስስ የወረቀት ጋስኬት መዘዘችና ላዩ ላይ አደረገችለት።

«ይቺኛዋ ደግሞ እውነትም ምራቂ ናት» አለችው።

ለይኩን እጁን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰበ። ጋስኬቷን አየ። ሰርካዲስን አየ።

«ውሰዳት» አለችው፤ እስክሪብቶውን እያቀበለችው። «መጀመሪያ ግን ቁጠርና ፈርም።»