የማኅበሩ ጉርሻ

ይህ የሆነ ነገር ነው። ያላመነ ይቅርበት!

አምና ኅዳር ላይ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ጉና ተዳፋት ላይ ባለች መንደር። ውቢት ደብረ ታቦር ድረስ መጥታ በገዛ አፏ ነግራኛለች። እጇንም አይቻለሁ... ምነው ባላየሁት!

ውቢት ከጅዳ ከተመለሰች ሰባት ወሯ ነበር። በሰባት ወር "ነይ ግቢ" ያላት የላይ ሰፈር ጎረቤት የለም። ምክንያቱም እህቷ የሺ ታች ሰፈር ነው ያገባችው። ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር በአንዲት ምንጭ ከተጣሉ ስንት ዘመናቸው!

ስለዚህ የላይ ሰፈር ሴቶች ማኅበር ሲጠራት በደስታ አለቀሰች።

ገባች። አሥራ አንድ ሴቶች መሶቡን ከበዋል።



"የኛ የምትሆን ከሁላችን እጅ ትጎርሳለች" አሉ የማኅበሩ መሪ እትዬ እመቤት።

የመጀመሪያውን ጎረሰች። ጥርሷ ሥር አንድ ነገር ቀጭ አለ። ስስ ነው... ግን ጠንካራ።

አጥንት ይሆናል አለች በልቧ።

ሁለተኛውም ቀጭ። ሦስተኛውም።

ያኔ እጃቸውን አየች።

የሁሉም ቀኝ አውራ ጣት ጥፍር የለውም! ቁስል የለ፣ ጠባሳ የለ። ልሙጥ ሥጋ ብቻ።

ኤጭ! አሁን ስጽፈው እንኳ የራሴን አውራ ጣት አያለሁ።

ውቢት አፏን በነጠላዋ ያዘች።

"እትዬ... ምንድን ነው ያጎረሳችሁኝ?"

"ዋጪ።"

"አልችልም..."

"ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው" ብለው ሳቁ እትዬ እመቤት። ከዚያ ጆሮዋ ሥር ተጠግተው አንሾካሾኩ። "ብትተፊው ግን... ስትሞቺ የሚቀብርሽ የለም።"

ይህቺ ቃል ጨረሰቻት። ዘጠኝ ዓመት በሰው አገር ብቻዋን ኖራለች። ብቻዋን መቀበር አልፈለገችም።

ዋጠች። አሥራ አንዱንም ዋጠች።

ሴቶቹ እልል አሉ። "የኛ! የኛ!" እያሉ አገላብጠው ሳሟት። "እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ ብሎኝ ነበር" አለችኝ ውቢት።

ቤቷ ስትደርስ የሺ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃታለች።

"እህት ዓለም!" ብላ ልታቅፋት መጣች።

ሽታው ያኔ መታት። ሦስት ቀን ያደረ በድን ዓይነት... ከየት ነው ብላ ዞር ዞር አለች። ከየሺ ነው። ከገዛ እህቷ!

"ምነው? አመመሽ እንዴ?"

"አትጠጊኝ... ትገሚያለሽ።"

የሺ እጆቿን እንደዘረጋች ቀረች። ውቢት ልትገፋት ቀኝ እጇን አነሳች...

አውራ ጣቷ ልሙጥ ነበር።